የፊዚክስ ኢንተርንሺፕ ውጤታችሁን ስታቀርቡ፦ ቁጥሩ፣ ግራፉ፣ ፖስተሩና ጥያቄው

ሁለት ወር ላቦራቶሪ ከርማችሁ መጨረሻ ላይ የምትሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ናት፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ጥያቄ። ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጡት መምህራን በዚህች ጊዜ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ያመጣችሁት ቁጥር እስከ የት እንደሚታመን ራሳችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር መግጠሙ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ፣ ግን ለምን እንዳልገጠመ የታወቀ ውጤት፣ እንዲያው ከገጠመ ውጤት ይበልጣል።

ስለዚህ ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጻፉ። ቁጥር፣ አሃድና የስህተት ህዳግ ይኑረው። ለምሳሌ፦ «አራት ኪሎ ላይ በ1 ሜትር ፔንዱለም የለካነው የስበት አክስለሬሽን 9.77 ± 0.02 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ ከመጽሐፉ 9.81 ያንሳል፣ ለቦታው ከሚጠበቀው ጋር ግን ይገጥማል።» ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ የጎደለው ስላይድ አይደለም፤ ወደ ላብ ደብተራችሁ ተመለሱ።

የ10 ደቂቃ አከፋፈል

የኢንተርንሺፕ ሪፖርት ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ በተቋሙ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ ይጀምራል። ለሪፖርቱ ይሁን። ያንኑ ወደ ስላይድ መገልበጥ ግን ከ10ሩ ደቂቃ 3ቱን ይበላል፤ ከሚያዳምጡት መካከል ግማሾቹ ደግሞ እዚያው ተቋም የሚሠሩ ናቸው። የተቋሙ ስም በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ካለ ይበቃል።

ጥያቄያችሁ ምን እንደነበር ለማስረዳት 1 ደቂቃ፣ እንዴት እንደለካችሁ 2 ደቂቃ፣ ለውጤቱ 4 ደቂቃ፣ ውጤቱን ምን ሊያዛባው እንደሚችል 2 ደቂቃ። የቀረችውን 1 ደቂቃ አትንኳት፤ ፕሮጀክተሩ ምስል እስኪያመጣ ወይም የመድረክ መሪው ስማችሁን እስኪያስተካክል ትሄዳለች። 8 ስላይድ ይበቃል። ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ ደግሞ ሦስት አራት የመጠባበቂያ ስላይዶች አስቀምጡ፦ ሙሉው የመረጃ ሰንጠረዥ፣ የስህተት ህዳጉ ስሌት፣ የመሣሪያው ፎቶ። ጥያቄ ሲመጣ «እሱንም ሠርተነዋል» ብሎ መክፈትን የሚያህል ነገር የለም።

ቁጥሩ

ፔንዱለሙን ምሳሌ ያደረግነው አዲስ አበባ ላይ የሚለካ ሰው ሁሉ የሚገባበትን ወጥመድ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ መደበኛ ብሎ የወሰነው የስበት አክስለሬሽን 9.80665 ነው። ይህ ከባሕር ወለል እኩል በሆነና ወደ 45 ዲግሪ ኬክሮስ በሚገኝ ቦታ ለሚለካው ቅርብ ነው። ከምድር ወገብ ላይ፣ ባሕር ወለል አጠገብ፣ 9.780 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከፍታዋም 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር 0.003 ያህል ይቀንሳል፤ ከሥራችን ያለው የደጋው ዐለት በበኩሉ በመሳቡ ከዚህ ቅናሽ ሲሶውን ያህል ይመልሳል። ተደምሮ ሲታይ እዚህ የሚጠበቀው በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው።

እንግዲህ 9.77 ያገኘ ተማሪ መድረክ ላይ ቆሞ «0.4 በመቶ ስህተት አለብኝ» ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ያሳዝናል። ልኬቱ ልክ ነበር፤ ያልገጠመው የተነጻጸረበት ቁጥር ነው።

ይሁንና ይህን ለማለት መብት የሚሰጣችሁ ልኬታችሁ ሁለቱን መለየት ከቻለ ብቻ ነው። የ1 ሜትር ፔንዱለም 20 ጊዜ ሲመላለስ በ9.81 ቢሆን 40.12 ሰከንድ፣ በ9.775 ቢሆን 40.19 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 0.07 ሰከንድ ነው። በእጅ የሚጫን ስቶፕዎች ከመነሻና ከመድረሻው ተደምሮ እስከ 0.2 ሰከንድ ይስታል። ስለዚህ በ20 ምልልስ የሚወጣው ውጤት 9.8 ± 0.1 ነው፤ ምንም አይለይም። 100 ምልልስ ብትቆጥሩ ግን ልዩነቱ 0.36 ሰከንድ ይሆናል፣ የእጃችሁ ስህተት ያው 0.2 እንደሆነ ይቀራል። ስሌቱም እንዲህ ይሄዳል፦ 201.0 ሰከንድ ላይ 0.2 ማለት 0.1 በመቶ ነው፤ ጊዜው በፔንዱለሙ ቀመር ውስጥ ስኩዌር ስለሆነ ሁለት እጥፍ፣ 0.2 በመቶ፤ የክሩ ርዝመት በ1 ሚሊሜትር ከታወቀ 0.1 በመቶ። ሁለቱን ስኩዌር አድርጋችሁ ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ስታወጡ 0.22 በመቶ ይመጣል፤ ማለትም ± 0.02። ካልኩሌተሩ 9.7716 ቢያሳያችሁም ስላይዱ ላይ የሚጻፈው 9.77 ± 0.02 ነው። ከህዳጉ በኋላ የሚጻፍ አኃዝ ሁሉ ያልለካችሁትን እንደለካችሁ መናገር ነው።

አሁን ደግሞ ጎበዝ መርማሪ የሚያነሳው ጥያቄ፦ «ቁጥርሽ ዝቅ ያለው ከፍታው ስለሆነ ነው ወይስ ፔንዱለሙን ብዙ ስለጎተትሽው?» ቀላሉ ቀመር የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። 10 ዲግሪ ከተጎተተ ጊዜው በ0.19 በመቶ ይረዝማል፣ የሚሰላው የስበት አክስለሬሽንም በ0.04 ገደማ ይወርዳል። ይህ ልክ በ9.81 እና በ9.77 መካከል ያለው ልዩነት ነው! 5 ዲግሪ ላይ ግን ተጽዕኖው 0.01 አይሞላም። ለ1 ሜትር ክር 5 ዲግሪ ማለት ኳሷን ወደ ጎን 8.7 ሴንቲሜትር መጎተት ነው። ከዚያ አለማለፋችሁን በስላይዱ ላይ ጻፉት። ርዝመቱም ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ኳሷ መሀል መለካቱን ጻፉ፤ እስከ ኳሷ አናት ብቻ ለክቶ 1 ሴንቲሜትር ያጎደለ ሰው ውጤቱን በ0.1 አበላሽቷል።

በሌላ ርዕስ የምትሠሩም ይህንኑ ፍተሻ ለራሳችሁ አድርጉ፦ ያነጻጸርኩበት ቁጥር የዚህ ቦታ ነው ወይ? ቴርሞሜትር ወይም ቴርሞከፕል በፈላ ውኃ ስታስተካክሉ «100 ዲግሪ» ብላችሁ ከያዛችሁ 8 ዲግሪ ያህል ስታችኋል፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከአየር ግፊት ጋር የተያያዘ ስሌት ላይ 101 ኪሎፓስካል አስገብታችሁ ከሆነም እንዲሁ፤ የከተማችን ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ተማሪ ገና በሁለተኛው ስላይድ አመኔታ ያገኛል።

ግራፉ

ከአራቱ የውጤት ደቂቃዎች ሦስቱ በአንድ ግራፍ ላይ ቢያልፉ ጥሩ ነው። ግራፉን ስታሳዩ መጀመሪያ አግዳሚው መስመር ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ቋሚው ምን እንደሆነ በጣታችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ አንዷን ነጥብ መርጣችሁ «ይህች ነጥብ ማለት እንዲህ ባደረግን ጊዜ ይህን አገኘን ማለት ነው» በሉ። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ግራፉን ማንበብ ይጀምራል። ይህ 30 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሚዘለለው ግን እሱ ነው።

ኤክሴል በራሱ የሚሠራውን ግራፍ እንዳለ አታቅርቡ። አንዳንዱ የግራፍ ዓይነት ነጥቦችን በመስመር እያያያዘ የሌለ ነገር ያስመስላል። ነጥቦቹ ነጥብ ሆነው ይቅሩ፤ ኧረር ባር (የስህተት ህዳጉን የሚያሳይ አጭር መስመር) ይኑራቸው፤ መስመር ካለ ከቲዎሪው የመጣ መስመር ይሁን፣ ከየትኛው ቀመር እንደመጣም አጠገቡ ይጻፍ። በፓይተን የምትሠሩ፣ ግራፍ የሚያወጣው ማትፕሎትሊብ ሳይነኩት የሚጠቀመው የፊደል መጠን 10 ነው፤ ከኋላ ወንበር አይነበብም። ለስላይድ 18 እና ከዚያ በላይ አድርጉት፣ መስመሩንም ወደ 2 አወፍሩት። ቢጫና ፈዛዛ አረንጓዴ ነጭ ላይ አትጠቀሙ፤ መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ በረፋድ ብርሃን ይጠፋሉ። ቀይንና አረንጓዴን በዓይናቸው መለየት የማይችሉ ሰዎችም ስላሉ አንዱን ክብ፣ ሌላውን ሦስት ማዕዘን አድርጉት።

ከመስመሩ ወጣ ያለች ነጥብ ካለች አትደብቋት። አስቀምጧት፤ «በዚህ ልኬት ጊዜ መብራት ሄዶ ማጉያው እንደገና ሲነሳ ሙቀቱ አልተረጋጋም ነበር» የሚል የደብተር ማስታወሻ ካላችሁ ከስሌቱ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ማስታወሻ ከሌላችሁ በስሌቱ ውስጥ ትቆያለች። «አላማረችም» ምክንያት አይሆንም።

ሰዓትና ቀን

ይህ የእኛው ሀገር ጣጣ ስለሆነ ለብቻው እናንሳው። አራት ኪሎ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲመዘግብ ኖሯል፤ ቦታው ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነ ከላያችን በአየኖስፌር (በላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር) የሚያልፈው የኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት የኤሌክትሪክ ጅረት በመዝገቡ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጅረቱ የሚበረታው በቀትር አካባቢ ነው። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ አናት የምትደርሰው በዓመት አማካይ በእኛ አቆጣጠር 6:25፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 12:25፣ ዓለም አቀፍ መዝገቦች በሚጠቀሙበት ሰዓት ደግሞ 9:25 ላይ ነው። ግራፋችሁ ላይ «6:00» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ ቀትር ብሎ ያነባል፣ ሌላው ጎህ ሲቀድ። በመስመሩ ሥር የየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጻፉ፤ ለሁሉም ግራፍ አንድ ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ፋይሎቻችሁን በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ሰይሙ፤ ዘመን አቆጣጠሩም አንድ ይሁን። የእጅ ደብተራችሁ በኢትዮጵያ፣ መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ከመዘገበ፣ የመጀመሪያው የደብተር ገጽ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስፍሩ። የማቅረቢያው ፕሮግራም «3:00» የሚል ከሆነ ደግሞ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ምክንያት ተራው ያለፈበት ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ፖስተር ከሆነ

ኤ-ዜሮ ፖስተር 841 በ1189 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ ልክ 1 ካሬ ሜትር። ባነር የሚያትሙ ቤቶች ዋጋ የሚነግሩት በካሬ ስለሆነ የጠሩላችሁ ዋጋ ያው የፖስተራችሁ ዋጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ስለተነሱ፣ የምታውቁት ማተሚያ ቤት ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ፋይሉን በትክክለኛው መጠን ገና ስትጀምሩ አዘጋጁት፤ በኤ-አራት ሠርቶ መለጠጥ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። በ150 ነጥብ በኢንች ለማተም ምስሉ 4967 በ7022 ፒክሰል ያስፈልገዋል። ርዕሱ ወደ 85፣ የውስጥ ጽሑፉ ከ28 ያላነሰ የፊደል መጠን ይኑረው። ከማሳተማችሁ በፊት በኤ-አራት ወረቀት አትሙና በእጃችሁ ርቀት ያዙት፤ እዚያ ላይ የማይነበብ ነገር ግድግዳ ላይም አይነበብም። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ሲታተም እንደሚደበዝዝ ጠብቁ። ጽሑፉ ከ500 ቃል ቢበልጥ ቆሞ የሚያነብ የለም።

ፍሌክስ ባነር ከታጠፈ ምልክቱ አይለቅም። ሮሉ 84 ሴንቲሜትር ርዝመት እንዲኖረው ከአጭሩ ጎን አንስታችሁ ጠቅልሉት፤ ሚኒባስ ውስጥ ከጉልበታችሁ መሀል ይቆማል። ክረምት ከሆነ ላስቲክ አልብሱት፣ ወረቀት ከሆነማ ግዴታ ነው። ማያያዣ፣ ገመድና ሁለት ጎን ያለው ማጣበቂያ ራሳችሁ ያዙ።

አዳራሹ

ከተቻለ በዋዜማው ሂዱ። የፕሮጀክተሩ ገመድ ኤችዲኤምአይ ነው ወይስ አሮጌው ቪጂኤ? አዳዲስ ላፕቶፖች የቪጂኤ ቀዳዳ የላቸውም፤ መቀየሪያው ከሌላችሁ ያለው ጓደኛ ፈልጉ። ስላይዱን በፒዲኤፍም አስቀምጡ፤ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ቀመሩም ፊደሉም ቦታውን አይለቅም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ ጻፉ። ፒዲኤፍ ላይ ቪዲዮ እንደማይሠራ አስቡ፤ ካላችሁ ለብቻው ያዙት። ፍላሽ ደግሞ በየኮምፒውተሩ ሲሰካ ቫይረስ ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ በኢሜይላችሁ፣ አንድ በስልካችሁ ላይ ይኑር።

መብራት ቢሄድስ? ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ዋናውን ግራፍ በኤ-አራት 5 ቅጂ አትማችሁ ያዙ፤ ለመርማሪዎቹ አድሉና ቀጥሉ። ንግግራችሁን አንድ ጊዜ ያለ ስላይድ፣ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ ተለማመዱ። ይህ ልምምድ መብራት ባይሄድም ይጠቅማል፤ የትኛውን ስላይድ ሳትፈልጉት እንዳስገባችሁት የሚታየው ያኔ ነው።

ቋንቋውና ጥያቄው

የስላይዱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ንግግሩ በየትኛው እንደሆነ ግን አማካሪያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ የምታቀርቡ ከሆነ ዋናዋን ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ተዘጋጁባት፤ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ በቃላችሁ ያጠናችሁት እንግሊዝኛም ያኔ አይደርስላችሁም። በአማርኛ ማስረዳት ያቃታችሁ ነገር ካለ፣ እሱ ገና ያልገባችሁ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ሥሩ።

ጥያቄ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አድምጡ፣ ከዚያ በራሳችሁ ቃል ድገሙት፦ «ዶክተር፣ ጥያቄዎ የክሩ ክብደት ታሳቢ ተደርጓል ወይ የሚል ነው?» ይህ አክብሮትም ነው፣ የማሰቢያ ጊዜም ይሰጣል። ከዚያ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስጡ፤ ካስፈለገ ብቻ አብራሩ። ካላወቃችሁ «አልለካነውም፤ ለማወቅ እንዲህ ማድረግ ይቻላል» በሉ። ይህ ነጥብ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው ያልሠሩትን እንደሠሩ ማውራት ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ሲከተል ይገለጣል። አማካሪያችሁ ከወንበሩ ተነስቶ እንዲመልስላችሁ ዓይን ዓይኑን አትዩ።

የማይቀሩ አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ስንት ጊዜ ደገማችሁት? ትልቁ የስህተት ምንጭ የቱ ነው? አንተ ራስህ የሠራኸው የቱን ነው፣ ላቦራቶሪው ድሮ የነበረው የቱ ነው? አንድ ወር ቢጨመርላችሁ ምን ትሠሩ ነበር? ለሦስተኛው በተለይ ተዘጋጁ። መሣሪያውን ያቋቋመው ቴክኒሻን ከሆነ በስሙ ጥሩት፤ ስሙ በምስጋና ስላይድ ላይ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ስታሳዩ ይነሳ። በቡድን ከሠራችሁ ደግሞ እያንዳንዱ አባል የሌላውን ክፍል መመለስ ይችል፤ «ያን የሠራችው እሷ ናት» የሚል መልስ ሁለቱንም ይጎዳል።

በሆስፒታል የጨረር ክፍል የሠራችሁ፣ በምስል ላይ ያለ የሕሙማን ስምና የካርድ ቁጥር በጥቁር መሸፈን አይበቃም፤ ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ መረጃ አለ። ምስሉን እንደ አዲስ በተራ የፎቶ ፋይል አስቀምጡት፣ ክፍሉ ፈቃድ መስጠቱንም በጽሑፍ ያዙ። በየትኛውም ተቋም ቢሆን የተቋሙን መረጃ ከማሳየታችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ስላይዶቹን ለሱፐርቫይዘራችሁ ስጡ፤ በዋዜማው የተሰጠ ስላይድ አይነበብም።

ልምምዱ በሰዓት ይሁን፤ ሦስት ጊዜ፣ ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። አንዱን ከፊዚክስ ውጭ የሚማር ጓደኛ ያድምጠው፤ ሲጨርስ «ምን ለካን? ስንት አገኘን?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን ከነህዳጉ ከመለሰላችሁ ደርሳችኋል።

ካቀረባችሁ በኋላ ላቦራቶሪውን ከመልቀቃችሁ በፊት ጥሬውን መረጃ፣ ኮዱን፣ ግራፎቹንና የደብተራችሁን ፎቶ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ አስረክቡ፤ እያንዳንዱ ፋይል ምን እንደያዘ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍም ጨምሩበት። በቀጣዩ ክረምት የሚመጣው ተማሪ የእናንተን ግራፍ ከዚያ ፎልደር ብቻ ተነስቶ እንደገና ማውጣት መቻል አለበት።